መመሪያ መጽሐፉ አርጅቷል፤ የትኛው ገጹ?

አንድ ቢሮ ውስጥ ዋይፋዩ እስከ መጨረሻው ክፍል አልደርስ ብሎ ሁለተኛ ራውተር እንድጨምር ተጠየቅሁ። እጄ ላይ የነበረው መመሪያ መጽሐፍ ጉዳዩን በአራት ሥዕልና በአራት ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል፦ ገመዱን ሰካ፣ መብራቱ እስኪበራ ጠብቅ፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ሙላ፣ «ቀጣይ» የሚለውን ተጫን። እንዳለኝ አደረግሁ። መብራቱ በራ፣ ስልኬ ዋይፋዩን ያዘ፣ እኔም ሥራው አልቋል ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው፣ ግማሹ የለውም። የሌላቸው ደግሞ አንድ ጥግ የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሠራተኞች አንዷ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሌላው ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩት አንዳንዴ ዕጣው ይገለበጣል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ የተላጠ፣ ሥዕል የሚባል ነገር የሌለበት፣ ከመጀመሪያው በብዙ ዓመት የሚበልጥ መጽሐፍ። አንድ ኮምፒውተር ወደ ኔትወርክ ሲገባ አድራሻ ስለሌለው «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ጥሪውን የሰማ አዳይ «ይህን ውሰድ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ «እሺ፣ እሱን ልውሰድ» ሲል አዳዩ «ያንተ ነው» ብሎ ያጸድቅለታል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ይኸው የአራት ምልልስ ንግግር ነው፤ መሠረታዊ ደንቡም በ1997 የወጣው ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ቀጥሎ አንዲት ነገር ጠቅሷል፦ አዳዩ ሁለት ከሆነ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ነው። እኔ የጨመርኩት ራሱን 192.168.0.1 ብሎ ለቀናው ሁሉ አድራሻ ያድላል፣ «ወደ ውጭ የምታወጣው በር እኔ ነኝ» እያለም ያሳምናል፤ በሩ ግን የትም አያደርስም። ማታውኑ ያልታየው ኮምፒውተሮቹ ቀን የወሰዱት አድራሻ የኪራይ ጊዜው ገና ስላላለቀ ነበር። መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የአዲሱን ራውተር ዲኤችሲፒ ማጥፋትና ለራሱ 192.168.1.2 የሚል አድራሻ መስጠት ብቻ።

ያ ጠዋት ስለ መመሪያ መጽሐፍ ያለኝን አስተያየት ለወጠው። ኮምፒውተር ኔትወርክ፣ የኢንተርኔት አጠቃቀምና የኦንላይን ንግድ የሚያስተምሩ መጻሕፍትን «አርጅቷል» ወይም «አዲስ ነው» ብለን በሽፋኑ ዓመት እንፈርዳለን። መጽሐፍ ግን እንደ ወተት ባንድ ጊዜ አይበላሽም። በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሃያ ዓመት የሚቆይ ገጽና ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ የሚሞት ገጽ አጠገብ ለአጠገብ ተሰፍተው ይገኛሉ። ችግሩ ቶሎ የሚሞተው ገጽ ዓይን የሚስበው መሆኑ ነው፤ ስክሪንሾት ያለበት፣ ቀስት የተሳለበት፣ «እዚህ ጋ ተጫን» የሚለው።

የኔትወርክን ክፍል እንይ። ኢንተርኔት የቆመበት የአይፒና የቲሲፒ ደንብ (አንዱ መረጃውን በአድራሻ ያደርሳል፣ ሌላው ሳይጎድል መድረሱን ይቆጣጠራል) በመስከረም 1981 ተጽፎ፣ የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት ጥር 1 ቀን 1983 ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞሯል። የቲሲፒው ሰነድ በ2022 በአዲስ ሲተካ እንኳ የተሠራው በዋናነት በየቦታው የተበተኑትን ማስተካከያዎች አንድ ላይ መሰብሰብ ነበር። ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ የተነደፈው በ1983 ሲሆን፣ መሠረት የሆኑት ሰነዶቹ የ1987 ናቸው። ቤትም ቢሮም የምናያቸው በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ መመደባቸውን የሚደነግገው ሰነድ የ1996 ነው። እንግዲህ ይህን በቅጡ ያብራራ የቆየ መጽሐፍ ዛሬም ያገለግላል፤ ራውተሩ ተቀይሯል እንጂ ራውተሩ የሚሠራው ሥራ አልተቀየረም።

ይሁን እንጂ እዚህም ውስጥ የሞተ ገጽ አለ። ብዙ መጽሐፍ የአይፒ አድራሻን ምዕራፍ የሚከፍተው አድራሻዎችን በመጀመሪያ ቁጥራቸው በቡድን በሚከፍለው በክላስ ኤ፣ ቢ እና ሲ ነው፤ ተማሪውም ሠንጠረዡን ይሸመድዳል። ይህ አመዳደብ ከ1993 ጀምሮ ቀርቷል። ሸምዳጁ ሥራ ቦታ ሄዶ 10.0.0.0 የሚል ኔትወርክ 255.255.255.0 ከሚል ማስክ ጋር ሲያይ ይደነግጣል፤ በተማረው መሠረት በ10 የሚጀምር ክላስ ኤ ስለሆነ ማስኩ 255.0.0.0 መሆን ነበረበት። ማስኩ ራሱ የትኛው የአድራሻው ክፍል ኔትወርኩን፣ የትኛው መሣሪያውን እንደሚናገር፣ በ255.255.255.0 ማስክ ካሉት 256 ቁጥሮች ሁለቱ ለኔትወርኩ ስምና ለሁሉም ለሚላክ ጥሪ ተይዘው 254 እንደሚቀሩ ገብቶት ቢሆን ግን ክላስ የሚለውን ቃል ሰምቶት ባያውቅም ባልደነገጠ ነበር።

ለምን እንደሆነ የሚናገር ገጽ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከገመድ በላይ የሚያሳይ የለም። በኔትወርክ ገመድ ጫፍ ላይ ስምንቱ ሽቦዎች የሚደረደሩበትን ቲ568ቢ የሚባለውን ቅደም ተከተል መጽሐፍ ሁሉ በሥዕል ያሳያል፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ጀማሪ ሥዕሉን አይቶ «ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ የቀለሙ ተራ ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ብርቱካኑን ከብርቱካን፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጎን ለጎን አሰልፎ ይጨምቃል። ገመድ መፈተሻው ቴስተር ላይ ስምንቱም መብራት በተራ ይበራል። ገመዱ ግን አጭር ሲሆን እሺ ብሎ፣ ሲረዝም ይንተባተባል፤ ፋይል ያቆራርጣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ምክንያቱም ውሂቡ የሚያልፈው ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚሠሩ ሽቦዎች ሲሆን፣ በተራ ቁጥራቸው 1ና 2 አንድ ጥንድ፣ 3ና 6 ደግሞ ሌላ ጥንድ ናቸው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው የሚሄዱት ከውጭ የሚመጣው ሁከት በሁለቱም ላይ እኩል አርፎ እንዲጣፋ ነው። የኛ ጀማሪ 3ንና 6ን ከተለያየ ጥንድ ስላወጣቸው መጠማዘዙ ለከንቱ ሆነ። ተራ ቴስተር ሽቦው ከጫፍ ጫፍ መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያይም። ሥዕል ብቻ ያየ ሰው ይህን ስህተት ቢያጠና አያገኘው፤ በሁለት መስመር ምክንያቱን ያነበበ ግን ስህተቱን መጀመሪያውኑ አይሠራውም። ጫፉ ላይ ጥንዱን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ የሚለው ትእዛዝም ከዚሁ የተቀዳ ነው፤ ለብቻው ሲነበብ ግን የባለሙያ አጉል ጥንቃቄ ይመስላል።

ወደ ዋይፋይ ደኅንነት ስንመጣ የሞተው ገጽ ጉዳት ያመጣል። ዌፕ የተባለው መቆለፊያ ከመጀመሪያው የ1997 የዋይፋይ ስታንዳርድ ጋር መጣ፤ በ2001 ተመራማሪዎች በአየር ላይ ከሚያልፈው መረጃ ቁልፉን መልቀም እንደሚቻል አሳዩ። የተሻሉት መቆለፊያዎች፣ ደብሊውፒኤ2 በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 በ2018 ተከተሉ። ሆኖም «የኔትወርክህን ስም ደብቅ፣ የማክ አድራሻ ማጣሪያ አብራ» (የማክ አድራሻ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ነው) የሚለው የዚያ ዘመን ምክር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ እስካሁን አለ። ስሙ የተደበቀ ዋይፋይ የለመደ ስልክ «እገሌ አለህ ወይ?» እያለ በሄደበት ሁሉ ስሙን ይጣራል፤ የተደበቀውን ይበልጥ የሚያውጀው እሱ ነው። የማክ አድራሻ ደግሞ ሳይቆለፍ በአየር ላይ ስለሚሄድ መቅዳት ቀላል ነው። በዚያ ላይ አይፎኖች ከአይኦኤስ 14 (2020) ጀምሮ ለየዋይፋዩ የተለየ የማክ አድራሻ ስለሚያሳዩ፣ የድሮውን ምክር የተከተለ ሰው ሌባውን ሳይሆን ራሱን ቆልፎ ውጭ ይቀራል።

በኢንተርኔት አጠቃቀም ክፍል ከሁሉ የሚያስገርመኝ የይለፍ ቃል ምዕራፍ ነው። ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅል፣ በየሦስት ወሩ ቀይር የሚለውን ያላነበበ የለም። ምክሩን በዓለም ላይ ያሰራጨው በ2003 ቢል ባር የተባለ የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም፣ የኒስት ባልደረባ የጻፈው መመሪያ ነው። ኒስት በ2017 መመሪያውን ሲከልስ በየጊዜው ቀይሩ ማለቱንም፣ ምልክት ቀላቅሉ ማለቱንም ተወ፤ በምትኩ ርዝመትን አስቀደመ፣ ተሰርቀው ከወጡ የይለፍ ቃሎች ዝርዝር ጋር ማመሳከርን አዘዘ። ባር ራሱ በዚያው ዓመት ከጻፈው አብዛኛው እንደሚጸጽተው ለጋዜጣ ተናግሯል። ሰው በግድ ቀይር ሲባል መጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጣል፤ ይህን ለማወቅ ተቋም አያስፈልግም ነበር፣ ማንንም የቢሮ ሠራተኛ መጠየቅ ይበቃል።

የቁልፏ ምልክትም እንዲሁ ናት። «አድራሻው አጠገብ ቁልፍ ካየህ ድረ ገጹ የታመነ ነው» ይላሉ መጻሕፍቱ። ቁልፏ የምትለው በአንተና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን ሌላ አያነበውም ብቻ ነው፤ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው አጭበርባሪ አይደለም አትልም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ቁልፏን የሚያስገኘውን ሰርተፍኬት በነጻ ማደል ሲጀምር፣ ለትንሽ ድረ ገጽ ባለቤት ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ለአጭበርባሪም እኩል ተከፈተለት። ጉግል ክሮም በ2023 ቁልፏን አንስቶ በሴቲንግ ምልክት የተካት ሰው ከልኳ በላይ ስላመናት ነው። ስለ ፍላሽና ስለ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተጻፉትን ምዕራፎች ማንሳት አያስፈልግም፤ አንዱ በ2020 ማብቂያ፣ ሌላው በሰኔ 2022 ተሸኝተዋል።

የኦንላይን ንግድ መጻሕፍት ግን ከሁሉ ፈጥነው የሚሻግቱ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚያስተምሩት የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ስለ መነገድ ነው። የግቢው ባለቤት አጥሩን ባዞረ ቁጥር ምዕራፉ ይፈርሳል። ድረ ገጽህ ስውር ክፍል ውስጥ ቁልፍ ቃላት ደርድር የሚለውን ምክር ብንወስድ፣ ጉግል ያንን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በግልጽ ተናግሯል፤ ምክሩ ግን ከዚያ በኋላም ሲታተም ኖሯል። የጎብኚ ቁጥር አነባበብን በጉግል ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ ሐምሌ 1 ቀን 2023 አገልግሎቱ መረጃ መቀበል ሲያቆም የሙዚየም ዕቃ ሆነ። ደራሲው ስንፍና የለበትም፤ የመረጠው ርዕስ ነው አሸዋ ላይ የቆመው።

በዚህ ዘርፍ የማይሻግተው ሒሳብ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙዎቹ መጻሕፍት ይዘሉታል። ዕቃህን በ100 ትሸጣለህ እንበል። መግዣው 60፣ የገበያው ድረ ገጽ ኮሚሽን 15፣ ማድረሻው 12፣ የክፍያ አገልግሎቱ 3 ቢሆን 10 ይቀርሃል። 10 ትዕዛዝ ብታደርስ 100 ታተርፋለህ። ከ10ሩ አንዱ ቢመለስስ? ዕቃው ደኅና ሆኖ ቢመጣና ኮሚሽኑ ቢመለስልህ እንኳ፣ መላኪያው 12፣ መመለሻው 12፣ የክፍያ አገልግሎቱ 3 ቀልጠዋል፤ ዘጠኙ ያመጡት 90 ወደ 63 ይወርዳል። ሁለት ቢመለሱ 26 ይቀራል። ሦስት ቢመለሱ 11 ከኪስህ ትጨምራለህ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስቀመጥኩት፤ የራስህን ተካበት። በሳምንት ውስጥ ሀብታም ስለመሆን ሦስት መቶ ገጽ የሚያወራ፣ ስለሚመለስ ዕቃ ግን አንድ አንቀጽ የሌለው መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ፣ ደራሲው ከመጽሐፉ ውጭ የሸጠው ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ።

ደግሞ ሦስቱ ዘርፎች በተለያየ ምዕራፍ መቀመጣቸው ራሱ የሚሸፍነው ነገር አለ። ለደንበኞቿ በኢሜይል ቅናሽ የምታሳውቅ አንዲት ነጋዴ መልእክቷ ሁሉ ስፓም ውስጥ ገባባት እንበል። የንግዱን ምዕራፍ ብትገልጥ «ርዕሱን አሳምሪ፣ የቃለ አጋኖ ምልክት ቀንሺ» ይላታል። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ኢሜይል ተቀባዩ ሰርቨር «በእርግጥ ይህ ሰርቨር በዚህ ዶሜይን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል?» ብሎ ዲኤንኤስ ውስጥ ይመለከታል፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት መዝገቦች እዚያ ከሌሉ ይጠረጥራል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ሰዎች እነዚህን ግዴታ አድርገዋል፤ በጂሜይል ልኩ በቀን ወደ 5,000 መልእክት ነው። እንግዲህ የነጋዴዋ መድኃኒት ያለው ኔትወርክ ክፍል ውስጥ፣ «ለባለሙያ ብቻ» ተብሎ በተዘለለው የዲኤንኤስ ምዕራፍ ውስጥ ነው። ርዕስ ስታሳምር ብትከርም ለውጥ አታይም።

አሁን «ቻትቦት እያለ መጽሐፍ ለምኔ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የትኛው ሴቲንግ የት እንዳለ ለማግኘት መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው እየቀነሰ ነው፤ እኔም አልገልጥም። የስክሪንሾት ገጽ ሥራ እዚያ አብቅቷል፣ አይቆጨኝም። ግን ያንን ጠዋት ላስታውስ፦ እኔ የማውቀው «ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም» የሚለውን ብቻ ነበር። መልስ ሰጪው ማንም ይሁን፣ ኢንተርኔት ያጣው ኮምፒውተር ስንት ቁጥር አድራሻ እንደያዘ እስካልነገርኩት ድረስ የሚሰጠኝ የግምት ዝርዝር ነው፤ ራውተሩን አጥፋና አብራ፣ ድራይቨሩን አድስ፣ አገልግሎት ሰጪህን ጥራ። አድራሻውን ማየት እንዳለብኝ የነገረኝ ዲኤችሲፒ ምን እንደሆነ ማወቄ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ ግማሽ መልስ ይሆናል። ሌላም አለ፤ እነዚህ መሣሪያዎች የተማሩበት ጽሑፍ ውስጥ የዘጠና ቀኑ የይለፍ ቃልና የተደበቀው ዋይፋይ ምክርም ስላለ፣ የሞተው ገጽ በጥሩ አማርኛ ተነሥቶ ሊመጣ ይችላል።

አማርኛን ካነሣን፣ በራሳችን ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል ሳይቀር ይተረጉማሉ። ጌትዌይን «የመተላለፊያ በር» ብሎ ማስረዳት ግሩም ነው፤ አንባቢው ስክሪኑ ላይ ፈልግ ሲባል ግን «የመተላለፊያ በር» የሚል ነገር የለም። ሐሳቡ በአማርኛ ይብራራ፣ ስሙ ባለበት ይቀመጥ፤ ሁለቱን መለየት ያልቻለ መጽሐፍ አንባቢውን በሁለት ቋንቋ መካከል ያንጠለጥለዋል።

መጽሐፍ ከመግዛቴ በፊት የምገልጠው አንድ ቦታ አለ፤ «ካልሠራስ?» የሚለውን። ደህና ደራሲ እዚያ ጋ ተራ ያለው ፍተሻ ያስቀምጣል። መጀመሪያ የራስህን ኮምፒውተር የሚያመለክተውን 127.0.0.1ን ፒንግ አድርግ (አለህ ወይ ብለህ መልስ ጠብቅ)፤ ካልመለሰ የራስህ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው የታመመው። ቀጥሎ ራውተሩን፤ ዝም ካለ ገመዱ፣ ዋይፋዩ ወይም አድራሻህ ነው። ቀጥሎ ውጭ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን፤ ራውተሩ እየመለሰ ይሄ ዝም ካለ ችግሩ ከቢሮህ ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በመጨረሻ የድረ ገጽ ስም፤ ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ዲኤንኤስን ያዝ። አራት ትእዛዝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን አንድ ጥያቄ ይዘጋሉ። «ካልሠራ ኮምፒውተሩን አስነሣ፤ አሁንም ካልሠራ ባለሙያ አማክር» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ግን የታተመው ትናንት ቢሆንም ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ።

ያ ሁለተኛ ራውተር አሁንም እዚያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል። ጀርባው ላይ በፕላስተር «192.168.1.2፣ ዲኤችሲፒ ጠፍቷል፣ እንዳይበራ» ብዬ ለጥፌበታለሁ፤ ከሥሩ ባላውቀው እጅ ጽሑፍ «ለምን?» የሚል ተጨምሮበት አገኘሁ።